መቶው መካከል የሆነበት ሜዳ

ፀሐይዋ ከፍኖተ ሰላም በስተ ምዕራብ ወዳለው የባሕር ዛፍ ጫካ አዘንብላ፣ የእህል በረንዳው ነጋዴ ሁሉ የጆንያውን አፍ አስሮና ሚዛኑን አንጠልጥሎ ወደየቤቱ በሚበተንበት ሰዓት፣ ወይዘሮ አቻምየለሽ ከደጃፏ ባለው መደብ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣ፣ አንዲት ወረቀት በጉልበቷ ላይ ዘርግታ ትመለከት ነበር። ትመለከት ነበር እንጂ አታነብም ነበር። በስልሳ ስምንት ዓመት ዕድሜዋ የትምህርት ቤት በር አልፋ አታውቅም፤ ይህን የሚያነሣባት ሰው ቢገኝም፣ የተማሩትን ሁሉ ሠላሳ ዓመት ጤፍ ስትሰፍርላቸው እንደኖረች፣ ከመካከላቸውም ሠርገኛውን ከማኛው ለይቶ የሚያውቅ አንድ እንኳ እንዳላገኘች ነግራው ታሰናብተዋለች። ምላሷ እንዲህ ነው፤ የመጣላትን ትናገራለች፣ ከተናገረች በኋላም አትጸጸትም። በዚያች ምሽት ግን አንድ ነገር ሆዷን ይበላት ነበር።

ወረቀቷ የልጅ ልጇ የሐመልማል ናት። ሐመልማል ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ገና ጡት ሳትጥል እናቷ ሞታባት፣ አባቷም በጭነት መኪና አገር ላገር የሚዞር ሆኖ፣ ያሳደገቻት አያቷ ናት። ልጅቱ ሁለተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተምራ ነው ሦስተኛ የገባችው፤ አሁንም ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ገልብጣ ሳትጨርስ ደወሉ ይደወልባታል። ጨው፣ ክብሪትና ሽንኩርት ግዢ ተብላ ስትላክ ክብሪቱን ብቻ ይዛ ትመጣለች። ሥራ ከተባለ ሥራዋ፣ የተጣለ ቁልፍ፣ የተሰበረ ሰዓትና የሽቦ ቁራጭ ሰብስባ አንዱን ካንዱ ስታገጣጥም መዋል ነው።

ባለፈው ሳምንት ወይዘሪት ዐይናዲስ የምትባል አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ባለቀለም የእንጨት ኩቦችና የሥዕል ካርዶች በሻንጣ ይዛ ከባሕር ዳር ወደ ትምህርት ቤቱ መጣች። በትምህርት ወደ ኋላ የቀሩትን ልጆች አንድ በአንድ እያስቀመጠች የአእምሮ ችሎታ መለኪያ ፈተና ፈተነቻቸው። ውጤቱንም ጽፋ ካወጣች በኋላ፣ አሳዳጊዎች ሐሙስ መጥተው ፊት ለፊት እንዲነጋገሩበት፣ ወረቀቱን ለብቻቸው እንዳያነቡት አደራ ብላ ላከች። ወይዘሮ አቻምየለሽ አልሄደችም። ለጎረቤት የተናገረችው፣ ትናንት የተወለደች ልጅ ስለ ገዛ ልጇ እንድትነግራት ደጅ እንደማትጠና ነው። በልቧ የያዘችው ግን ሌላ ነበር፤ በወላጆች ሁሉ ፊት ወረቀት ተዘርግቶ «እዚህ ላይ ያንብቡ» ብትባልስ ብላ ፈርታ ነው። ኩራት የምንለውን ነገር ገለጥ አድርገን ብናይ ከሥሩ የምናገኘው ብዙ ጊዜ ይህንኑ ነው፤ ደስ ያላለው ጆሮውን ይያዝ።

ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ላልመጡት ሁሉ ወረቀቱን በልጆቻቸው እጅ ላከ፤ የሐመልማልንም ራሷ ልጅቱ ይዛ መጣች፣ ያነበባትም አቶ ልሳነወርቅ ነው። አቶ ልሳነወርቅ ከፍርድ ቤት ጸሐፊነት ጡረታ የወጣ ጎረቤት ሲሆን፣ ወደ ሰፈሩ የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ በእሱ መነጽር ሥር ሳያልፍ አይቀርም። ከደረት ኪሱ ቀይ እስክሪብቶ አይለይም። በወረቀቷ ላይ አራት ቁጥሮች ነበሩ። በቃላት የመረዳትና የማስረዳት ችሎታ፣ ዘጠና ስምንት። ቅርጽን የማስተዋልና የማገጣጠም ችሎታ፣ መቶ ሃያ ስምንት። በጆሮ የሰሙትን በአእምሮ የመያዝ ችሎታ፣ ሰማንያ አራት። በእርሳስ ቶሎ የመሥራት ፍጥነት፣ ሰባ ሁለት።

እንግዲህ በእኛ አገር የልጅ ቁጥር እንዴት እንደሚነበብ ሁሉም ያውቀዋል። መጨረሻው መቶ ነው፤ ሃምሳ ያገኘ አለፈ ይባላል፤ ከዚያም ሁሉም ይደመርና አማካዩ ወጥቶ ደረጃ ይሰጠዋል። አቶ ልሳነወርቅም እንደዚሁ አነበበው። ዘጠና ስምንቱን ሲያይ ተደነቀ፣ ሰማንያ አራቱን እጅግ በጣም ጥሩ አለው፣ ሰባ ሁለቱንም አያሳፍርም አለው። መቶ ሃያ ስምንት ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። ከመቶ መቶ ሃያ ስምንት ያገኘ ፍጡር እንደሌለ፣ የጻፈችው ሰው ጣት አንዷን ሳታውቅ ነክታት እንደሚሆን አስረዳና፣ በቀይ እስክሪብቶው አንዷን ሰርዞ ሃያ ስምንት አደረጋት። በፍርድ ቤት ልማድ ስርዝ ያለ ፊርማ አይጸናምና፣ የአቻምየለሽን አውራ ጣት በቀለም ነክሮ ከስርዙ አጠገብ አሳረፈው። ከዚያ አራቱን ደምሮ ለአራት አካፈለና፣ አማካዩ ሰባ ተኩል ነው አለ።

ሐመልማል በሩ ሥር ቆማ ነበር። «የፈተነችኝ መምህርት፣ መቶው መካከሉ ነው ብላኛለች» አለች በቀስታ። አቶ ልሳነወርቅ ሳቀ። አያቷም ትልቅ ሰው ሲያወራ ልጅ ጣልቃ አይገባም ብላ አስወጣቻት።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ሁሉ ቁልጭ ብሎ የታየ መሰላቸው። ልጅቱ የሰማችውን ለመያዝ ሰማንያ አራት ካላት፣ ጨውና ሽንኩርቱን የምትረሳው ንቃ ነው። ፍጥነቷ ሰባ ሁለት ከሆነ፣ ከሰሌዳ የማትገለብጠው ሰንፋ ነው። ቀኑን ሙሉ በምትጎረጉረው ሽቦ ደግሞ ያገኘችው ሃያ ስምንት ነው፤ ወድቃለች። እንዲህ ያለችውን ልጅ ጠንካራ እጅ እንጂ ትምህርት አያቀናትም ተባለ። ወይዘሮ ደብሬ የምትባል ቆላ የምትኖር የአቻምየለሽ የባሏ ዘመድ አለች፤ ልጅ በመቅጣት የታወቀች፣ እሷ ዘንድ ያደገ ልጅ ሁሉ ቀና ብሎ ሰው የማያይ። ሐመልማል በማግሥቱ ማለዳ በመጀመሪያው መኪና ወደ እሷ እንድትላክ፣ ትምህርቱም በዚያው እንዲቀር ተቆረጠ። የልብሷ ጓዝ ከቀትር ጀምሮ ታስሮ ተቀምጧል።

ልጅቱ አላለቀሰችም። ጓዙ ሲታሰር ቆማ ካየች በኋላ፣ «እማዬ፣ ንቄሽ አይደለም። ስትነግሪኝ እሰማለሁ፤ መንገድ ላይ ይጠፋብኛል» አለችና ወደ ጓሮ ሄደች።

የአቻምየለሽን ሆድ የሚበላት ይህ ቃል ነው። ውሸት የምታውቅ ሴት ናት፤ በገበያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስትሰማው ኖራለች። ይህ ቃል ግን የውሸት ድምፅ አልነበረውም። ወረቀቷን ገለበጠቻት፣ ዘቀዘቀቻት፣ ለፀሐይ አሳየቻት፤ ወረቀቷም ዝም አለቻት። «ጌታዬ፣ ተሳስቼ እንደሆን መኪናው ሳይነሣ ንገረኝ፤ ከተነሣ በኋላ ብትነግረኝ ግን ላንተም ቅር ይለኛል» ብላ እንደ ልማዷ ቁጣና ጸሎት የተቀላቀለበት ልመና ለመነች። የድካም ነገር ሆኖ፣ ራሷን ግድግዳው ላይ እንዳሳረፈች እንቅልፍ ጣላት።

እነሆም፣ ማለዳ ይሁን ማታ በማይለይበት ብርሃን ውስጥ፣ አቧራው ቁርጭምጭሚት በሚውጥ አንድ ሰፊ ጎዳና ላይ ራሷን ቆማ አገኘች። ከፊቷ በዕድሜ ከእሷ የምትበልጥ፣ ወገቧን በመቀነት ጥብቅ ያደረገች ሴት ቆማለች፤ በአንድ ትከሻዋ ቁና፣ በሌላው ሚዛን ተሸክማ፣ በአንገቷ ጣሳ አንጠልጥላ፣ በእጇ ደግሞ አቡጀዲ የሚለካበት ዘንግ ይዛ፣ ይህን ሁሉ ጭነት እንደ ነጠላ አቅልላ የያዘች ናት።

«አንቺ ደግሞ ማነሽ? ይህን ሁሉ ተሸክመሽ ወዴት ነው?» አለቻት አቻምየለሽ።

«ሰፋሪት ነኝ» አለች ሴትዮዋ። «ወረቀቷን ላነብልሽ መጣሁ። ማንበብ ባለመቻልሽ አልፈርድብሽም፤ ባለመጠየቅሽ ግን እፈርድብሻለሁ።»

አቻምየለሽን ከተወለደች ጀምሮ እንዲህ ፊት ለፊት የተናገራት ሰው የለም። ፊቷ ጋለ፤ የምትመልሰውንም ቃል አፏ ላይ አዘጋጅታ ነበር። ሰፋሪቱ ግን መልሱን ሳትጠብቅ ጉዞ ጀምራ ነበርና፣ ቃሏን ውጣ ተከተለቻት።

በመጀመሪያ የደረሱባት ከተማ ከሩቅ ሲያዩዋት የደመቀች፣ ሲቀርቧት ግን የፈረሰች ነበረች። መግቢያዋ ላይ አንድ ትልቅ በር ቆሞ፣ ከበሩ መቃን ላይ አንድ ዘንግ በአግድም ተቸንክሯል፤ ልጅ ሁሉ ሰባት ዓመት ሲሞላው በዚያ ዘንግ ሥር እንዲቆም ይደረጋል፤ ራሱ ዘንጉን የነካ ይገባል፣ ያልነካ ይመለሳል። የገቡትም ቢሆኑ አንድ አንድ ቁጥር በጀርባቸው ላይ በክር ተጠልፎባቸው እስከ ሽምግልና ድረስ ይለብሱታል፤ እናቶችም በየመንገዱ ሲገናኙ «የሰባ ሦስቷ እናት እንዴት አደርሽ»፣ «የስልሳ አንዱ እናት እግዚአብሔር ይመስገን» እየተባባሉ ነበር ሰላምታ የሚለዋወጡት። ነገር ግን የቤቱ ሁሉ ጣሪያ ያፈሳል፤ የድልድዩ እንጨት በስብሶ ወንዝ ውስጥ ተንጋሎአል፤ የጉድጓዱ መዘውር ዝጎ ሴቶች ውኃውን በገመድ እየጎተቱ መዳፋቸው ተልጧል፤ ከሐኪሙ ቤት ደጃፍም በሽተኞች ተደርድረው ሳለ ወደ ውስጥ የሚጠራቸው የለም።

«ይህን መዘውር የሚጠግን ሰው አጡ ወይ?» ብላ ጠየቀች አቻምየለሽ።

«ነበራቸው» አለች ሰፋሪቱ። «በሰባት ዓመቱ ቶሎ አልጽፍ አለና ከበሩ መለሱት።»

ስለ ሐኪሙም ብትጠይቅ፣ ልታክም የተፈጠረች አንዲት ልጅ እንደነበረች ነገረቻት፤ በተለካችበት ቀን ወባ ይዟት ስትንቀጠቀጥ ነበርና፣ የወባው ድካም የአእምሮዋ ልክ ሆኖ ተጻፈባት። ከበሩ ውጭ አፈር ላይ ተቀምጦ በዱላ ሥዕል የሚሥል አንድ ልጅም አሳየቻት፤ እናቱ ያስተማረችው ኦሮምኛ ሲሆን የተጠየቀው በሌላ ቋንቋ ነበርና፣ ቋንቋውን አለማወቁ ሞኝነት ተብሎ ተቆጠረበት። ከዚያም አራት ተሸካሚዎች በወንበር የያዙትን፣ በጀርባው ላይ ከሁሉ የሚበልጥ ቁጥር በወርቅ ክር የተጠለፈበትን ጎልማሳ አዩ። እግሮቹ ቀጥነው እንደ ሸምበቆ ሆነዋል። በልጅነቱ ቁጥሩ እንዳይወርድ ተብሎ የሚከብድ ነገር ሁሉ ስለተከለከለ፣ ዛሬ ወድቆ መነሣትን አያውቅም። አቻምየለሽ ከተመለሱት ሁሉ ይልቅ ለዚህ ሰው አዘነች፤ ለምን እንደሆነ እኔም አልገባኝም።

«ውጪ፣ ውጪ፤ እንሂድ ከዚህ» አለች። «ይህን ዘንግ ነቅሎ ጉድጓድ የሚከት ሰው እንዴት ይጠፋል?»

«ዘንጉ ምን አደረገ?» አለች ሰፋሪቱ እየሄዱ። «እስቲ ልጠይቅሽ፤ ጤፍ በምን ትሰፍሪያለሽ?»

«በቁና።»

«ቅቤስ?»

«በሚዛን ነዋ።»

«አቡጀዲስ?»

«በክንድ፣ በዘንግ።»

«አንድ ቁና ጤፍ፣ ሁለት ኪሎ ቅቤና ስድስት ክንድ አቡጀዲ አለሽ እንበል። ደምሪና ለሦስት አካፍለሽ አማካዩን ንገሪኝ።»

አቻምየለሽ ቆማ አየቻት። «አብደሻል?»

«እኔ ነኝ ያበድሁ ወይስ ጎረቤትሽ?» አለች ሰፋሪቱ፤ ሁለቱም አሮጊቶች እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ያ ሳቅ አቻምየለሽን ካሸነፋት ነገር ሁሉ የመጀመሪያው ነው።

ወንዙን ተሻግረው ወደ ማዶ ሲወጡ ሁለተኛይቱን አገር አገኙ። በዚያች አገር የትምህርት ቤቶቹ መግቢያ መዝጊያ የለውም፤ መንገዱ በቀጥታ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ጣሪያዎቹ ደርቀው፣ መዘውሮቹ ዘይት ጠጥተው ይዞራሉ፤ ከየመስኮቱ የሚሰማውም የዱላ ድምፅ ሳይሆን ጥያቄና የጥያቄ መልስ ነው። አቻምየለሽ እዚህስ ልጅ መለካት ቀርቷል ብላ ደስ ሲላት፣ ሰፋሪቱ ከዚያኛው አገር የበለጠ የሚለካው እዚህ መሆኑን ነገረቻት። ልዩነቱ ሌላ ነው። ወረቀት ለብቻው ወደ ቤት አይላክም፤ ለኪው ራሱ ይዞት መጥቶ፣ ከእናትና ከአባት ጋር፣ ከልጁም ጋር ቁጭ ይላል። ከቁጥሮቹ በላይ በትልልቅ ፊደል የተጻፉ ጥያቄዎች አሉ፤ ይህ ቁጥር ከእነማን ጋር አስተያይቶ ነው የሚናገረው፤ ልጁ በዚያን ቀን በልቶ ነው ወይስ ተርቦ፣ ጤነኛ ሆኖ ነው ወይስ ታሞ፣ በየትኛው ቋንቋ ተጠይቆ፤ ከሁሉ በኋላም፣ ከነገ ጀምሮ ምን እናድርግለት የሚል። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ካልተመለሰ ማንም ከተቀመጠበት አይነሣም። በአንድ ቤት በር ሲያልፉ አንዲት እናት የልጇን ቁጥር ለጎረቤት ልታወራ ስትል፣ ባሏ «የልጁን እንጂ የወረቀቱን ወሬ አውሪ» ብሎ ሲያስቆማት ሰሙ።

ከዚያ ሰፋሪቱ ወደ አንድ ሜዳ አወጣቻት። ሜዳው እስከ አድማስ የተዘረጋ፣ ሣሩ ገና በዝናብ የታጠበ ነው፤ በመካከሉ አንድ ትልቅ ዋርካ ቆሟል፤ ከሜዳው ዳርም መቶ ልጆች ተሰልፈዋል፤ ሁሉም የዘጠኝ ዓመት ልጆች ናቸው።

«መቶ የሚባለው ቁጥር ያ ዋርካ ነው» አለች ሰፋሪቱ። «የመሰላል ጫፍ አይምሰልሽ። ከልጆቹ የሚበዙት ሮጠው የሚቆሙበት የሜዳው መካከል ነው። ዋርካውን የሚያልፉ አሉ፣ ከዋርካው ወዲህ የሚቀሩ አሉ፤ እጅግ የሚርቁትና እጅግ የሚቀሩት ጥቂቶች ናቸው። አሁን ዝም ብለሽ እዪ።»

ልጆቹ ሮጡ። የመጀመሪያው ሩጫ የቃላት ነበር። ከዋርካው ጥላ ሥር እንደ ገበያ በተሰበሰበው ሕዝብ መካከል አቻምየለሽ አንዲት የምታውቃት ቀሚስ አየች፤ ሐመልማል ናት፤ ከእኩዮቿ ጋር ተቀላቅላ ቆማለች። ዘጠና ስምንት ማለት ይህ ነበር፤ የሚያስደንቅም የሚያሳፍርም ነገር የለውም።

ሁለተኛው የቅርጽ ነበር። ሐመልማል ዋርካውን አለፈች፣ ከዋርካው ወዲያ ያሉትንም አለፈች፣ እየራቀች ሄዳ ቀሚሷ እንደ አበባ ነጠብጣብ ሆነች። አቻምየለሽ እጇን በግንባሯ ላይ ጋርዳ ቆጠረች፤ ከልጅቱ ፊት የቀሩት ሦስት ልጆች ብቻ ናቸው። ሆዷ ውስጥ እልልታ መጣባት፤ ገና አፏን ሳትከፍት ግን አንድ ቀይ ገመድ ከሰማይ ወርዶ የልጅቱን ወገብ ያዛት፣ ወደ ኋላም ጎትቶ ከሁሉ በስተ ኋላ ጣላት።  አቻምየለሽ ይህን ገመድ የሚስበው ማን ነው ብላ ተቆጥታ ብትመለከት፣ በገመዱ ጫፍ ላይ የአንድ አውራ ጣት አሻራ ታትሟል። የራሷን ጣት አየችው፤ ቀለሙ አልለቀቀም ነበር።

ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ደጋግማ ፈተገችው። 

ሦስተኛው ሩጫ የጆሮ ነበር፤ ሐመልማል ከዋርካው ወዲህ ቀረች፤ ከኋላዋ የቀሩት አሥራ አራት ያህል ናቸው። አራተኛው የፍጥነት ነበር። ልጆቹ ሁሉ ተነሥተው ሲሄዱ ሐመልማል ቀረች፤ አሁንም ቀረች፤ ከኋላዋ ሦስት ልጆች ብቻ ነበሩ። የአያቷ አሮጌ ቁጣ ተመልሶ መጣና፣ «ሐመልማል፣ እግርሽን አንሺ እንጂ! ምን ያንፏቅቅሻል!» ብላ ጮኸች።

«ቀርበሽ እያት» አለች ሰፋሪቱ።

ቀረበች። የልጅቱ ቀሚስ ከጀርባዋ ላይ በላብ ተጣብቋል። ጥርሷን ነክሳለች፤ የአንገቷ ሥር ተገታትሯል፤ ትንፋሿ ከሩቅ ይሰማል። ከፊት የሚሄዱት እየተጫወቱና እየተሳሳቁ ነው የሚሮጡት፤ በዚያ ሜዳ ላይ እንደ እሷ የሚደክም አንድም ልጅ አልነበረም። ሰነፍ ስትባል የኖረችው ይህችው ናት።

አቻምየለሽ ሣሩ ላይ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን በአፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ሰፋሪቱም አላባበለቻትም፣ አልገሠጸቻትም፤ ቁናዋን አፉን ደፍታ እሱ ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻት።

«ምን ይሻላታል?» ብላ ጠየቀች አቻምየለሽ በመጨረሻ። ይህን ጥያቄ ስትጠይቅ ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር።

ሰፋሪቱም ወደ አንድ የመማሪያ ክፍል አስገባቻት። በዚያም እጃቸው የሚዘገይ ልጆች ከሰሌዳ ይገለብጡ ዘንድ አይገደዱም፤ ትምህርቱ በወረቀት ተጽፎ ይሰጣቸዋል፣ የሚያውቁትንም በአፋቸው ይጠየቃሉ፣ ሰዓትም ይጨመርላቸዋል። የሚረሱት ሲላኩ የሚገዙትን ነገር በትንሽ ካርድ ላይ ሥለው ይይዛሉ፤ አንድ ነገር ይነገራቸዋል፣ እሱ ሲያልቅ ሌላው። ቅርጽ የሚገባቸው ደግሞ ማባዛትንና ማካፈልን በኩብና በሽቦ ይማሩታል፤ የበረታው ችሎታቸው የደከመውን ይዞ ይሻገራል። ይህ ምሕረት ወይም ምጽዋት አልነበረም፤ ለሁሉም እንደየልኩ የተሰፋ ልብስ ነበር። አንዱ ልጅ ለሌላው «ያንተ ካርድ ላይ ያለው ሽንኩርት ነው ወይስ የአክስትህ ራስ?» ሲለው ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ ባለካርዱም አብሮ ሳቀ።

«ይህ ቁጥር እስከ መቃብር አብሯት ይሄዳል?» ብላ ጠየቀች አሮጊቷ።

«የዛሬ ወረቀት ነው» አለች ሰፋሪቱ። «ጥቂት ዓመት ቆይተው እንደገና ይለኳታል፤ ልጅ ያድጋል፣ መንገዱ ከተመቻቸለት ቦታውን ይለውጣል። ደግሞም ስሚኝ፤ ይህን ሁሉ መስፈሪያ ተሸክሜ ስዞር ደግነትን የምሰፍርበት ቁና፣ ድፍረትን የምመዝንበት ሚዛን አላገኘሁም።»

አቻምየለሽ ተንበርክካ እግሯን ልትስም ስትል፣ ሰፋሪቱ ወደ ኋላ አለች። «እኔን አታመስግኚ። እውነቱን አስቀድማ የነገረችሽ ከበሩ ሥር ቆማ ነበር፤ አንቺ ነሽ ያስወጣሻት።»

በዚህ ቃል ነቃች።

የምዕራቡ ሰማይ ገና አልጨለመም፤ የእህል በረንዳው የመጨረሻ ጋሪ ገና በደጃፉ እያለፈ ነበር። ያ ሁሉ አገር የታያት አንዲት ፀሐይ ለመጥለቅ በምትፈጅባት ጊዜ ውስጥ ነው። ተነሥታ በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄደች። ሐመልማል የአጥሩ ሥር ተቀምጣ ጉልበቷን አቅፋለች።

«ሐመልማል፣ ተሳስቻለሁ» አለቻት።

ይህ ቃል ከዚያች ሴት አፍ ወጥቶ የሰማ ሰው በፍኖተ ሰላም አልነበረም። ልጅቱም አዲስ ነገር ስለሆነባት ቀና ብላ አየቻት።

«መቶው መካከሉ ነው ያልሽው፣ ለምን ደግመሽ አልነገርሽኝም?»

«አንድ ጊዜ ስናገር አስወጣሽኝ» አለች ልጅቱ።

አሮጊቷ ይህን እንደ መድኃኒት ዋጠችው። ቤት ገብታ የጓዙን ቋጠሮ ፈታች፤ ልብሶቹን አንድ በአንድ ወደ ሣጥኑ ስትመልስ ልጅቱ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ነገ አልሄድም ወይ ብላ ጠየቀች። ወደ ቆላ እንደማትሄድ፣ ነገም ከነገ ወዲያም እንደማትሄድ፣ አሁን ግን ሁለቱም አብረው የሚሄዱበት ቦታ እንዳለ ነገረቻት።

በመንገድ ላይ አቶ ልሳነወርቅን ከደጁ አገኙት፤ መነጽርህን ይዘህ ተከተለኝ አለችው። እሱም ለምን እንደሆነ ሳይነገረኝ አልሄድም እያለ ተከተለ። ወይዘሪት ዐይናዲስ በትምህርት ቤቱ የእንግዳ ክፍል ውስጥ ኩቦቿን ወደ ሻንጣዋ ትመልስ ነበር፤ ጠዋት ወደ ባሕር ዳር ትመለሳለች። አቻምየለሽ ገብታ ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና፣ «ልጄ፣ እኔ ማንበብ አልችልም። ሐሙስ ዕለት የቀረሁት ለዚህ ነው። አሁን ከመጀመሪያው ንገሪኝ፤ ዝም ብዬ እሰማለሁ» አለች። ወገቧ አልጎበጠም፤ የተናገረችውም ቀና ብላ ነው።

ወይዘሪት ዐይናዲስ ቀዩን ስርዝና የአውራ ጣቱን አሻራ ተመለከተች። ከዚያ ወንበር ስባ፣ ልጅቱንም ካጠገቧ አስቀምጣ አስረዳቻቸው። የተናገረችው በሜዳው ላይ የታየውን ነበር፣ በሌላ ቃል። አንድ ያልታየ ነገርም ጨመረች፤ ልጅቱ ሰሌዳ ስታይ ዓይኗን ጠበብ ታደርጋለችና ምናልባት የዘገየችበት አንዱ ምክንያት የዓይን ሊሆን ስለሚችል፣ ሌላውን ነገር ከመደምደም በፊት ሐኪም ይያት አለች። አቶ ልሳነወርቅ ስለ መቶው ተከራከረ፣ አንዴም አይደለም፤ በመጨረሻ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርግ ጀመር።

ያን ጊዜ ነው አቻምየለሽ የጠየቀችው። «ልሳነወርቅ፣ በዚህ ሳምንት እንዲህ ያለ ወረቀት ለስንት ቤት አነበብህ?»

መነጽሩን መልሶ አደረገ። «ካንቺ ሌላ ለአምስት» አለ።

 ከዚያ ወይዘሪት ዐይናዲስ የጠዋቱን አውቶቡስ ትታ የከሰዓቱን እንደምትጠብቅ ተናገረች፣ ሻንጣዋንም መልሳ ከፈተች። አቻምየለሽ እግዚአብሔርን ያመሰገነችው በዚያች ክፍል ውስጥ ነው፤ መኪናው ሳይነሣ ስለያዛት፤ ለምላሷ የሚመልስ ሰው በእንቅልፏ ስለላከላት፤ የልጅ ልጇን፣ የልጅነቷ ወራት ሳያልቅ፣ ስለመለሰላት። ይህችን ከሩቅ የመጣች፣ ሳትገሥጽ የምታስረዳ ልጅም መረቀቻት። አቶ ልሳነወርቅን እንኳ አመሰገነችው፤ ቁጥሩን ደብቆ ቢሆን ኖሮ የአምስቱን ቤት ማን ያውቅ ነበር። ልጅቱን ግን በቃል አላመሰገነችም፤ ሲመለሱ እጇን ይዛ ሄደች፣ ቤት እስኪደርሱም አልለቀቀችም።

በማግሥቱ ሱቋን ዘጋች። ያየችውን ለሰው ሁሉ ለመንገር ቆርጣ ነበርና፣ ልሳነወርቅን ከፊት፣ ባለሙያዋን ከጎኗ አድርጋ ወደ መጀመሪያው ቤት ሄደች። እናትዮዋ ወጥታ ምን እንደመጣ ብትጠይቅ፣ አቻምየለሽ ሳትጋበዝ ገብታ በርጩማ ላይ ተቀመጠችና አንዲት ሜዳ ማየቷን፣ እሱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳትነግራት እንደማትነሣ አስታወቀቻት።

«በመጀመሪያ ወረቀቱን አምጪ» አለች። «ልጁንም ጥሪው። ስለ እሱ ሲወራ እሱም ይቀመጥ፤ የሚናገረው ነገር ሳይኖረው አይቀርም።»